በሳህን የሚቆረጠው ግልገል

እናታችን ለታናሽ እህቴ ታደላ ነበር እላለሁ። እህቴ ደግሞ በፍጹም ትላለች። አሁን ሁለታችንም የልጅ ልጅ አይተናል፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። እኔ የልጅነቱን ነገር ትቼዋለሁ። ያልተውኩት ባሮ ዳር አንድ እሑድ የሆነውን ነው። የዚያን ቀን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቅናቴ ግን ከሜዳ የመጣ አልነበረም።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ለግድብ ሥራ የመጡ የውጭ አገር መሐንዲሶች ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከወንዙ አጠገብ ማንጎ ዛፎች ሥር ካምፕ ነበራቸው። ምግብ የሚሠራላቸው ሽማግሌ ከሩሲያ አብሯቸው ይምጣ እንጂ ትውልዱ ስፔን ነው። በልጅነቱ አገሩ ጦርነት ሲነሳ በመርከብ ተጭኖ ሩሲያ ገባ፤ እዚያው አደገ፣ እዚያው ሸበተ። አባቱ ስፔን ውስጥ ምግብ ቤት ነበራቸው። ጡት ያልጣለ የአሳማ ግልገል በሸክላ ምድጃ ጠብሰው የሚያቀርቡ፣ በዚህም የታወቁ ሰው ነበሩ አሉ። ሽማግሌው ያንን ቤት ጋምቤላ ላይ ካላቆምኩ ብሎ ተነሳ። ከካምፑ አዳራሽ ጎን የሣር ክዳን ያለው ዳስ አስጣለ፣ ስምንት ጠረጴዛ አስገባ፣ ነጭ ጨርቅ አለበሰ፣ ነጭ ሽንኩርት በገመድ ሰክቶ ከምሰሶው ላይ ሰቀለ። እሑድ እሑድ ይከፈታል፤ መሐንዲሶቹና የተጋበዙ ሹማምንት ይበላሉ።

ምድጃውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌው በመጀመሪያ በራሱ እጅ ሠርቶት፣ እሳት ሲነካው ለሁለት ተሰነጠቀ። እኔ ነኝ የኩይሳ አፈር አምጡ ያልኩት። ከተከተፈ ሣር ጋር አቡክቼ፣ በእግሬ ረግጬ፣ ግድግዳውን በእጄ መርጌ አነሳሁት። ከዚያ በኋላ አልተሰነጠቀም። አሳማዎቹንም የማረባው እኔው ነበርኩ። ከደጋ በመኪና የመጡ ሦስት እናት አሳማዎች ነበሩ። ከደጋ የመጡት ሠራተኞች ወደ ጋጣው አይቀርቡም። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ አባቴም የዱር አሳማ አድኖ ያበላን ሰው ነበር፤ ስለዚህ ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ፉርሽካ አቀርባለሁ፣ ጋጣ እጠርጋለሁ፣ አሳማዋ ስትወልድ ተኝታባቸው ልጆቿን እንዳትጨፈልቅ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። የካምፑ ሰው «የአሳማ እናት» ይለኝ ነበር። ገበያ ያለው ሙስሊም ባለሱቅ እንኳን ከሩቅ ሲያየኝ፣ ሳሙናውን እኔው አመጣልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ ከደጅ ቁሚልኝ እያለ ይስቅብኝ ነበር። እኔም እስቃለሁ። እሱ ቢያንስ ሳሙናውን ይዞልኝ ይወጣል።

እህቴ ስድስተኛ ክፍል ጨርሳለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ነጩ ሸሚዝና ጥቁሩ ጉርድ የእሷ ሆነ። ሳህን ታቀርባለች፣ ወይን ትቀዳለች፣ በስፓኝኛ «ግራሲያስ» ብላ ታመሰግናለች። ገበታው ሲነሳ ከተረፈው ለአስተናጋጆቹ ቅምሻ ይደርሳቸዋል። ለእኔ የሚመጣው አጥንቱ ነው፣ እሱም ለውሾቹ እንድሰጥ። ቤት ስንገባ እህቴ ምንጣፍ ላይ ጋደም ብላ ታወራልኛለች። ቆዳው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል፣ ሥጋው ምላስ ላይ ይጠፋል፣ ወተት ወተት ይሸታል። ወተቱን ማን እንዳጠባ ግን አታነሳም።

በአባቴ ቤት እንዲህ አልነበረም። ከብት ሲታረድ አንገቱ ላሳደገው ሰው ነው። የመንደሩ ሽማግሌ ቢመጣ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ አንገቱን የሚነካ የለም። እኔ በዚህ ሕግ ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሽማግሌውን ለመንኩት። አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከነጩ ጨርቅ ፊት ተቀምጬ ልብላ አልኩት። ራሱን ነቀነቀና እሑድ አለኝ። እሑዱ መጣ፤ ሰው በዛ፣ የሚመጣው እሑድ አለኝ። እንዲህ እያለ ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ።

ለእህቴ ነገርኳት። እሷ ጫማዋን እየጠረገች፣

«አንቺማ እዚያ ብትቀመጪ እንግዶቹ አሳማው ራሱ ተነስቶ መጣ ይላሉ» አለችኝ።

ቀልዷ ነው። ግን አልረሳሁትም።

የሽማግሌው ቤት አንድ ወግ ነበረው። ግልገሉ ተጠብሶ ሲወጣ ቢላ አይነካውም። ሽማግሌው ከሁሉ ፊት ቆሞ፣ ተራ የሸክላ ሳህን አንስቶ፣ በሳህኑ ጠርዝ ጀርባውን መታ መታ ያደርገዋል። ሥጋው ይቆረጣል። ሳህን የቆረጠው ሥጋ ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ሰው ሁሉ ይይ ማለቱ ነው። ከዚያ ሳህኑን መሬት ላይ ይወረውርና ይሰብረዋል፤ ሰው ያጨበጭባል። እኔ ይህን የማየው ከምድጃው ጋር ባለችው መስኮት በኩል ነው። ትሪውን ከምድጃው አውጥቼ በዚያች መስኮት የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሳህን እንዲቆርጠው ግልገሉ ሦስት ሳምንት ያልሞላው፣ ከወተት በቀር ምንም ያልቀመሰ መሆን አለበት። መርጬ የማመጣውም እኔ ነበርኩ። ሽማግሌው ዓይኑ እየደከመ ስለነበር የመረጥኩለትን አያገላብጥም።

ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከመቱ ትልልቅ ሹማምንት ሊመጡ ነው ተባለ። ሽማግሌው በዚያ ሰሞን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበርና ሳህኑን ለእህቴ ሰጣት። የምትቆርጠው እሷ ናት፤ ስትጨርስም ከእንግዶቹ ጋር ገበታው ላይ ትቀመጣለች። ለእሷ የሚሆን ወንበር ከአዳራሹ ሲመጣ በዓይኔ አየሁ። ማታ ማታ እቤት ገንፎ ላይ በሳህን ስትለማመድ አየኋት። ዓመት ሙሉ የለመንኩት ወንበር ላላሰበችው ሰው ተሰጠ።

ቀደም ብለው ከተወለዱት ግልገሎች መካከል አንድ ቀንጫራ ነበር። ከወንድሞቹ ወደ ኋላ የቀረ፣ ሁለት ወር ሊሞላው ቢቃረብም ሲያዩት ጡት ያልጣለ የሚመስል። በቆሎ በእጄ አበላው ስለነበር ጥርሱ ወጥቷል፣ አጥንቱ ጠንክሯል። ለእሑዱ ሁለት ግልገል አምጪ ተባልኩ። አንዱን ከትክክለኛዎቹ መረጥኩ። ሁለተኛው ያ ቀንጫራ ነበር። ሲጠበሱ አንድ ዓይነት ቀለም ያዙ። በመስኮቱ ቀድሜ ያቀበልኩት ቀንጫራውን ነው።

እህቴ ሳህኑን አንስታ መታች። ቆዳው ተሰነጠቀ እንጂ ሥጋው አልተቆረጠም። ደግማ መታች፤ አጥንቱ ያዘ። ሦስተኛውን በኃይል ስትመታው ሳህኑ እጇ ላይ ለሁለት ሆነ፣ አውራ ጣቷ ደማ። አንዱ መሐንዲስ ሳቀ። ከሹማምንቱ አንዱ፣ እሱ እንኳን አሳማ ስለማይበላ ዓሣ ነበር ያዘዘው፣ ፈገግ ብሎ «ጓዶች፣ አሻጥር አለ ማለት ነው?» አለ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ቀልድ አልነበረም። ሽማግሌው ደንግጦ ፈጠን አለና፣ ልጅቷ ፈርታለች፣ እጇ ነው፣ እጇ ነው አለ። እህቴ አቀርቅራ ደሟን በሽርጧ ጠረገች። አንገቷን ግን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችኝ።

ስትዋረድ ማየት ፈልጌ ነበር፤ አየሁ። ነገር ግን ባልሠራችው ስትወቀስ ዝም ብል፣ ከዚያ በኋላ ስለ ፍትሕ አፌን የምከፍትበት ምን ፊት ይኖረኛል? በጋጣ ልብሴ፣ በባዶ እግሬ ዳሱ ውስጥ ገባሁ።

«እጇ አይደለም» አልኩ። «ግልገሉ በቆሎ በልቷል። እያወቅኩ ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው የግልገሉን አፍ ከፍቶ ጣቱን አስገባና ጥርሱን ዳሰሰ። ረጅም ጊዜ ዳሰሰ። ከዚያ ለእህቴ የመጣውን ወንበር ስቦ አወጣው።

«ተቀመጪ» አለኝ። «ይሄን አንቺ ትበያለሽ።»

ተቀመጥኩ። እግሬ ላይ ጭቃ ነበር፤ ጨርቁን እንዳይነካ ከወንበሩ ሥር ሰበሰብኩት። ቀንጫራው በቢላ ተቆረጠ። ድርሻዬን ይዛልኝ የመጣችው እህቴ ናት፤ ጣቷ በጨርቅ ታስሯል። እንደ እንግዳ በግራዬ በኩል ዝቅ ብላ ሳህኑን ፊቴ አስቀመጠች። አየሁት፤ አንገቱ ነው።

«የአባታችን ሕግ አይደል?» አለችኝ በቋንቋችን፣ ቀስ ብላ። «ብዪ እንግዲህ።»

በላሁ። ጠንካራ ነበር፣ መንጋጋዬን አደከመው። በቆሎውን እጄ ላይ ሲበላ ትዝ አለኝ፤ ቢሆንም ይጣፍጥ ነበር። ዓመት የጠበቅኩት ነውና አንዲት ቅንጣት አላስቀረሁም።

እያኘክሁ ሳለሁ ሁለተኛው ግልገል መጣ፣ ጡት ያልጣለው። ሽማግሌው ሌላ ሳህን አንስቶ ለእህቴ ሰጣት። በታሰረ ጣቷ ይዛ ዝቅ አደረገችው። መምታት እንኳን አላስፈለጋትም፤ ሳህኑ ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ገባ። መሬት ላይ ወርውራ ሰበረችው። ዳሱ በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ዓሣ የበላው ሹም ሳይቀር ተነስቶ አጨበጨበ። የተነሳውም ያጨበጨበውም እኔ መርጬ ባመጣሁት ግልገል፣ እኔ መርጌ ባነሳሁት ምድጃ ነው። የሚያዩት ግን እሷን ነበር።

እኔ አላጨበጨብኩም። አፌ ሙሉ ነበር።

እህቴ ዛሬም ለልጅ ልጆቿ ስታወራው ሰምቻታለሁ። ጣቷ እንደደማ ትነግራቸዋለች፣ ጠባሳውንም ታሳያቸዋለች። እኔ ራሴን እንዳጋለጥኩ እንኳን ሳትሸሽግ ትነግራቸዋለች። ምድጃውን ግን አታነሳም። ስለዚህ ስትጨርስ ጠብቄ፣ የኩይሳ አፈር ነው፣ ያቦካሁትም እኔ ነኝ እላቸዋለሁ።