ከጭቃው ሥር ናቸው የተባሉት ሰያፎች

ይህ የሆነው ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ሞት ይለመዳል ይላሉ። ይሆናል። እኔ ግን ከዓይኔ አልጠፋ ያለኝ ወንድሜ የሞተበት ቀን ሳይሆን የዋዜማው ቅዳሜ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ይስማው የመንገድ ቀያሽ ነበር። አጎታችን የእንጨት ቤት ሲያሠሩ ታቹን ሱቅ፣ ጣሪያው ሥር ያለውን የእህል ቆጥ ደግሞ ለእኛ መኝታ ሊያደርጉት አሰቡ። ይስማው ደብተር ይዞ ሲያሰላ ሰነበተ።

«ጆንያ በትከሻው የተሸከመ ሰው ትንሽ ቢገፉት ይወድቃል» አለኝ። «ይህም ቤት ክብደቱ ከላይ ነው። መሬት ብትነቃነቅ ወደ ጎን እንዳይጋደም ሰያፍ እንጨት ያስፈልገዋል።»

አጎቴ ሳቁ። «የመሬት መንቀጥቀጥ ጎጃም ምን ሊሠራ ይመጣል? ለገበያ?»

ይስማው ግን አራት የጥድ ጣውላ ገዛ። በእርሳስ ከ፩ እስከ ፬ ቁጥር ጻፈባቸው። ፩ን እና ፪ን በጓሮው ግድግዳ፣ ፫ን እና ፬ን በበሩ ግራና ቀኝ አጋድሞ በምስማር መታቸው። ከዚያ እሱ ለሥራ ደጀን ሄደ፤ እኔም ደብረ ኤልያስ እናታችን ዘንድ ሰነበትኩ። ስንመለስ ቤቱ በጭቃ ተመርጎ ደርቋል።

ያ ቅዳሜ ዕቃችንን ወደ ቆጡ የምናወጣበት ቀን ነበር። ይስማው ደጃፉ ላይ ቆመ።

«አጎቴ፣ በሩ ሰፋ?»

«ሱቅ አይደል እንዴ? ሰው በጎኑ ይግባ?»

«ሰያፎቹስ?»

«ከጭቃው ሥር ናቸው። የት ይሄዳሉ?»

ይስማው ከመሬት ምስማር አንሥቶ ምርጊቱን ሊጭር ሲል፣ «የእኔን ቃል በምስማር ልትፈትን ነው፣ አንተ ቀያሽ?» አሉት። ሠራተኞቹ ሳቁ። ወንድሜ አፈረ። አጎቴ እኛን ያስተማሩ ሰው ናቸው። ምስማሩን ኮቱ ኪስ ከተተና አልጋውን ተሸክሞ ወጣ።

እሑድ ጠዋት እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፤ እሱ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ቀረ። ቅዳሴው ሳያልቅ መሬት ተንቀጠቀጠች። ብዙም አልቆየም። የጎረቤት ብርጭቆ እንኳ አልተሰበረም። የእኛ ቤት ግን በበሩ በኩል ተጋድሞ፣ ቆጡ ከነአልጋው ወርዶ ነበር።

በዚያው ቀን፣ እናታችን ከደብረ ኤልያስ ደርሳ፣ ከቀብር ስንመለስ ለቀስተኛው አጎቴ ግቢ ተቀመጠ። አጎቴ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ስሌቱ ስቶት ነው፤ ልጄ በገዛ ስሌቱ ሞተ!» ይሉ ነበር። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። እኔም አመንኩ። ወንድሜ ተሳስቷል ብዬ አመንኩ።

ሞቱን ከእግዚአብሔር ተቀብዬዋለሁ። ያንን ቃልና ያንን ማመኔን ግን ዛሬም መቀበል አቅቶኛል።

ሰኞ ጠዋት ለቀስተኛ ሳይመጣ አግዳሚ ወንበሮቹን ላስተካክል ወጣሁ። ሁለቱ አዲስ ነበሩ፤ ገና ጥድ ጥድ ይሸታሉ። አንዱን ላነሣው ስል ተገለበጠ። ከሥሩ በወንድሜ እጅ ፫ ተብሎ ተጽፏል። ሌላውን ገለበጥኩት። ፬ ይላል። አጎቴ ትናንት ተቀምጠው ያለቀሱት በእሱ ላይ ነበር።

ከኋላዬ መጡ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በሩ ጠቦኝ ነው፣ ልጄ። ሁለቱን ብቻ ነው ያነሣሁት። ለእናትህ አትንገራት» አሉኝ።

ሁለቱን አግዳሚዎች ቁጥራቸው ወደ ላይ እንዲታይ ገልብጬ ግቢው መካከል አኖርኳቸው። ምስማሩንም ከፍርስራሹ ካወጣነው ከወንድሜ ኮት ኪስ አውጥቼ ላያቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ እናቴን እጇን ይዤ አመጣኋት። የመጣው ለቀስተኛ መቀመጫ አጥቶ ቆመ፤ ቆሞም አነበበ።