የአባባ ወልዴ ሞተር ቢስክሌት

ልጅ ሳለሁ ተረት የምሰማው በሞተር ቢስክሌት መብራት ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ነገሩ ግን እንዲሁ ነው። ያኔ አቃቂ ውስጥ፣ ከጥጥ ፋብሪካው ጀርባ፣ ከባቡር ሐዲዱ ብዙም በማይርቅ ቤት ከእናቴና ከአያቴ ጋር እኖር ነበር። አባቴ ገና ድክ ድክ ሳልል ስለሞተ በቤቱ የቀረነው እኛ ሦስታችን ብቻ ነበርን። እናቴ ፋብሪካው ውስጥ ክር ታጠነጥናለች። አባቷ፣ ሁሉም አባባ ወልዴ የሚሏቸው፣ የዚያው ፋብሪካ የመብራት ሠራተኛ ነበሩ። ጣሊያኖች ጥለውት የሄዱትን፣ ለዓመታት ዶሮ ሲያድርበት የኖረውን አንድ አሮጌ ሞተር ቢስክሌት ከቃሊቲ አምጥተው በጓሯችን ቆርቆሮ ጥላ ሥር አቁመውት ነበር፤ ከሥራ መልስ የሚቀመጡት ከሱ ጋር ነው።

በሳምንት አንድ ቀን ባትሪውን ፋብሪካው ውስጥ አስሞልተው በትከሻቸው ተሸክመው ይመጣሉ። የፈረቃው ጡሩምባ ተነፍቶ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባትሪውን ወደ ቤት ያስገቡና የሞተሩን የፊት መብራት በሁለት ሽቦ አያይዘው ሳጥን ላይ ያስቀምጡታል። ምን ያህል እንደሚቆይ ሊፈትኑት ነው፤ እግረ መንገዳቸውን ለኔ ተረት ይነግሩኛል። ያኔ የምድጃው ጭስ ገና ከጣሪያው ሥር ሳይወጣ፣ ያ ነጭ ብርሃን ጭሱን ሰንጥቆ ግድግዳው ላይ ክብ ሠርቶ ሲያርፍ፣ እኔ ከክቡ ፊት ተቀምጬ የራሴን ጥላ እያየሁ እሰማለሁ። ብርሃኑ ቀስ በቀስ ቢጫ ይሆናል፤ በኋላም አምፖሉ ውስጥ ያለችው ክር ብቻ እንደ ፍም ቀልታ ትቀራለች። እሷ ስትጠፋ ተረቱም ያበቃል፤ አለቀም አላለቀም። እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ የማልችል ልጅ ስለነበርኩ፣ ብርሃኑ ቢጫ መሆን ሲጀምር ተነስቼ እቆማለሁ፣ እቀመጣለሁ፣ እንደገና እቆማለሁ።

አንድ ተረት ነበራቸው፣ ስለ አንድ ሰውዬ፤ ልጁ ከአዋሽ ማዶ ትኖራለች። ሰውዬው ስንቁን ቋጥሮ ወንዙ ዳር ይቀመጣል፤ ውሃው ሞልቷል፤ እስኪጎድል ይጠብቃል። ሳምንት ጠብቄ ስመለስ ሰውዬው እዚያው ነው።

«ተሻገረ?» እላቸዋለሁ።

«ውሃው ገና አልጎደለም፤ አንቺ ቅብጥብጥ፣ ተቀመጪ።»

በጋ ሆኖ እንኳ የዚያ ሰውዬ ወንዝ አይጎድልም ነበር። ተረቱ ስለማን እንደሆነ ያኔ አልገባኝም፤ መብራቱ ላይ ነበር የምናደደው።

አባባ ወልዴ አስካለ የምትባል ሌላ ልጅ ነበረቻቸው፣ የእናቴ ታናሽ። እኔ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሽማግሌ ሳይላክ ከአንድ የባቡር ሠራተኛ ጋር ሞጆ ገብታ ኖረች። ያን ጊዜ አባባ ወልዴ በሰው ፊት «አስካለ የምትባል ልጅ የለኝም» አሉ። ሦስት ዓመት አለፈ። ቃሉን ከተናገሩ በኋላ ስሟን አንስተው አያውቁም፤ ሞተሩን መጠገን የጀመሩት ግን በዚያው ዓመት ነው። እናቴ «በባቡር ሄደው ቢያዩዋት ምን አለበት?» ስትላቸው፣ «በሱ ባቡር አልሄድም፤ ሞተሩ ሲያልቅ በራሴ እሄዳለሁ» ይላሉ።

ሞተሩ ግን አላለቀም። ቀለሙ ተቀባ፣ ጎማው ተለወጠ፣ ካንዴላው ታደሰ፣ በአንድ እግር ምት የሚነሳም ሆነ። ችግሩ ባትሪውን አለመሙላቱ ነበር። ነገሩን ያስረዱኝ ወለሉ ላይ በከሰል እየሣሉ ነው። ሞተሩ ሲሽከረከር ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ባትሪው ይቀበላል፤ ካንዴላው ላይ እሳት የሚጭረውም የፊት መብራቱን የሚያበራውም ከዚያ የሚወጣው ነው። በዲናሞውና በባትሪው መካከል አንዲት ጥቁር ሣጥን አለች። ስለሷ ሲናገሩ ድምፃቸው እንደ ተረት ይሆን ነበር።

«እዚህ ውስጥ አንድ ዘበኛ አለ በይ። ዲናሞው ሲበረታ በሩን ከፍቶ ያሳልፋል። ዲናሞው ሲደክም ይዘጋዋል። ባይዘጋው ባትሪው የያዘው ሁሉ ወደ ኋላ ፈሶ ያልቃል።»

«ዘበኛው አኩርፎ ዘግቶት ቢቀርስ?»

ከሰሉን አስቀምጠው እጃቸውን ሊታጠቡ ወጡ።

ዲናሞውን ስንት ጊዜ እንደፈቱት አላስታውስም። ካርቦኖቹን ለወጡ፣ መዳቡን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉ፣ ቀበቶውን አጠበቁ። የፊት መብራቱ ላይ ያለችው፣ ባትሪው ሲሞላ የምታመለክተው ትንሿ መርፌ ግን ከመሐል ንቅንቅ አትልም። ሞተሩ ባትሪው የያዘውን ጨርሶ መንገድ ላይ ይቆማል ማለት ነው። «ዱከም ሳልደርስ ሜዳ ላይ ልቁም?» ይሏታል እናቴን።

አንድ ዓርብ ቀን የአክስቴ ባል ባልደረባ የሆነ አንድ የባቡር ሠራተኛ ከጣቢያው በቀጥታ ወደ ቤታችን መጣ። አክስቴ አስካለ ከወለደች ሳምንቷ ነው፤ ትኩሳቱ አለቀቃትም፤ አባቴን አሳዩኝ ትላለች አለ። እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል ከዚያው ሰው ጋር ወጣች። በሩ ላይ ቆማ ዞር ብላ፣ «አባባ፣ አይመጡም?» አለቻቸው።

«ሂጂ አንቺ። እኔ ነገ በሞተሩ እደርሳለሁ።»

በማግስቱ ማለዳ አስነሱት። ነዳጅ ሰጡት፣ ጮኸ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ቀሰቀሰ። መርፌዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«አየሽ?» አሉኝ፤ አጠፉትና ገብተው መደብ ላይ ተቀመጡ። ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ ባርኔጣቸውን አድርገዋል፣ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። ለመንገድ የተዘጋጀ ሰው ነበር የሚመስሉት፤ ፊታቸው ግን ወደ ግድግዳው ነበር።

እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። አክስቴን የማስታውሰው ፀጉሬን ስትሠራኝ በጣቶቿ ብቻ ነው፣ ያኔ ግን እነዚያን ጣቶች በትኩሳት ሲቃጠሉ አየኋቸው። ጓሮውን ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ከዚያ ካቻቢቴውን አንስቼ የጥቁሯን ሣጥን ክዳን ፈታሁ። ሲከፍቷት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ሦስት ሽቦዎች ሊገቡባት እንደሚገባ አውቃለሁ። የገቡት ሁለት ነበሩ። ሦስተኛው፣ ከዲናሞው የሚመጣው፣ ወደ ኋላ ታጥፎ ከሣጥኑ ሥር ተሸጉጧል፤ ጫፉ ላይ የሚያጣብቅ ጥቁር ናስትሮ በጥንቃቄ፣ አንዱ ዙር ሌላውን በግማሽ እየደረበ ተጠቅልሎበታል። በራሱ የወለቀ ሽቦ ናስትሮ አይጠቀለልለትም። እንደዚያ አድርገው የሚጠቀልሉት ደግሞ አባባ ወልዴ ብቻ ናቸው።

ተናደድኩ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ፤ ምክንያቱም ትልቅ ሰውም እንደሚፈራ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። ናስትሮውን ልጬ ሽቦውን ቦታው መለስኩና ብሎኑን አጠበቅኩ።

«አባባ፣ እስቲ አንዴ ያስነሱት» አልኳቸው ከበሩ።

ወጥተው መቱት። ነዳጅ ሲሰጡት መርፌዋ ተንቀጥቅጣ ወደ ቀኝ ዘንበል አለች፤ እዚያው ቆመች። አባባ ወልዴ መርፌዋን አዩ፣ ክዳኑ የተነሳውን ሣጥን አዩ፣ ከዚያ መዳፌ ላይ የተጠቀለለውን ናስትሮ አዩ።

«ማን አሳየሽ?»

«እርስዎ ነዎት። የዘበኛውን ነገር የነገሩኝ ጊዜ።»

ሞተሩ እየሠራ ነበር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ክዳኑን ከእጄ ተቀብለው ገጠሙት፣ ብሎኑን ቀስ ብለው አጠበቁት። «ሹራብሽን ልበሺ» አሉኝ በመጨረሻ፤ «መንገዱ ነፋስ አለው።»

ከኋላቸው ተቀምጬ ወገባቸውን አቅፌ ወጣን። ጤፉ ታጭዶ ክምር ሆኖ ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ዐውድማ ላይ በሬ ይነዳል፣ ነፋሱ ገለባውን አምጥቶ ፊታችን ላይ ይበትነዋል። ዱከም ላይ ቆሙ። «ካንዴላውን ልየው» አሉ፤ አዩት፣ ምንም አልሆነም። ደብረ ዘይት ስንደርስ እንደገና ቆመው ውሃ ጠየቁ፣ ጠጡ፣ ብርጭቆውን ይዘው ቀሩ።

«እናትሽን ሥጋት ይይዛታል» አሉ። «ብንመለስስ?»

«እናቴ ያለችው ሞጆ ነው» አልኳቸው።

ብርጭቆውን መልሰው ተሳፈሩ። ከዚያ በኋላ አልቆሙም። ነፋሱ ስለበረታ ጆሮዬን ጀርባቸው ላይ ለጥፌ ነበር፤ ከሞተሩ ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ያወራሉ። መጀመሪያ ለኔ መስሎኝ «እ?» አልኳቸው፣ አልሰሙኝም። «አስኩ፣ እኔ እኮ...» ይሉና ያቆማሉ። «አስኩ፣ ያን ቀን የተናገርኩት...» ይላሉ፣ ይተዉታል። «በየቀኑ ጣቢያው ጋ እየሄድኩ ባቡሩን አይ ነበር፤ ትወርጂ እንደሆነ ብዬ።» ይቺኛዋን ሁለት ጊዜ ደጋገሟት። እስከ ሞጆ ድረስ እንዲሁ ነበር፣ እየጀመሩ፣ እየተዉ፣ እንደገና እየጀመሩ።

ቤቱን ጠይቀን አገኘነው። እናቴ በሩ ላይ ስታየን አፏን በነጠላዋ ያዘች። ትኩሳቱ ንጋት ላይ በርዶላት አክስቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ነበር፤ ፊቷ ከስቷል፣ ዓይኖቿ ገዝፈዋል። ባሏ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሣና ወደ ጥግ ሄዶ ቆመ። አባባ ወልዴ መሐል ወለሉ ላይ ባርኔጣቸውን ይዘው ቀሩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። አንድም ቃል አልወጣም።

አክስቴ በዘይት የጠቆሩትን እጆቻቸውን አየችና፣ «ይታጠቡና ልጁን ይያዙት» አለች።

ባሏ እጃቸውን አስታጠባቸው። በሳሙና ሦስት ጊዜ አሹት፤ ከጥፍራቸው ሥር ያለው አልለቀቀም። ልጁን ተቀብለው እስከ ማታ አላስቀመጡትም።

በኋላ ያ ሞተር ያንን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰው ቁጥር የለውም። እኔን ግን ያደረግሁት ነገር ለረጅም ጊዜ እረፍት ይነሣኝ ነበር፤ ሽማግሌ ሰው ደብቆ የያዘውን ፍርሃት ገልጦ በመዳፍ ይዞ መቆም ልክ ነው ወይ እያልኩ። እሳቸው አንድ ቀንም አላነሱብኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርኩም። አሁን በሳቸው ዕድሜ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ምናልባት አንድ ሰው ያንን ክዳን እስኪከፍተው ይጠብቁ ነበር እላለሁ። እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

አባባ ወልዴ ባረፉ በአርባኛው ቀን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ እኔና አክስቴ አስካለ ዕቃ እያነሣሣን ሳለ፣ «ያን ቀን ሞጆ ሲመጡ ምንም አላሉኝም» አለችኝ። ቅር ብሏት አልነበረም፤ እንዲሁ ትዝ ብሏት ነው። የያዝኩትን ትሪ አስቀመጥኩና ከጀርባቸው ላይ ሆኜ የሰማሁትን ሁሉ፣ የጀመሩትንና የተዉትን ሳይቀር፣ በቅደም ተከተሉ ነገርኳት። ስለ ጣቢያው የተናገሩት ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ። እንድደግምላት ጠየቀችኝ፤ ደገምኩላት።