የአላባማው ነጭ ሶስ

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። እስከዚያ ድረስ የፍልሰታን ጾም አንድ ቀን ገድፌ አላውቅም። ሱዳን ካምፕ ሆኜ እንኳ የታደለኝን የቆርቆሮ ሥጋ ለጎረቤት ሰጥቼ ጾሜያለሁ። ይህን ያላወራሁለት ሰው የለም። ከሁሉ አብልጬ ያወራሁት ለልጄ ባል ነው፣ ጴንጤ ስለሆነ።

አማቼ እዚህ በስደት ባለንበት ከተማ ዳር፣ ፖይንት ኩክ የሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። ሥጋ በጭስ የሚያበስል ምድጃ ገዝቶ፣ ከሥራ ኦፍ በሆነ ቁጥር አንድ የበሬ ደረት ሲጠብቅ ይውላል። በፍልሰታ መካከል፣ ማክሰኞ ቀን ጠራኝ።

"ጾም ላይ ነኝ" አልኩት።

"አውቃለሁ ጋሼ። ሥጋውን ይተዉት፣ ሶሶቹን ብቻ ይቅመሱልኝ። ለቸርች ባርቤኪው የማቀርበውን ይምረጡልኝ። እንደ እርስዎ ጣዕም የሚያውቅ የለም።"

ሽንገላ መሆኑን አውቄ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ሄድኩ።

አራት ሳህን ደረደረልኝ። አሜሪካኖች በሶስ እንደየክፍለ ሀገራቸው ይጣላሉ አለኝ። የካንሳሱ ቲማቲምና ስኳር ነው፤ "ይሄ ማርማላታ ነው" አልኩ። የካሮላይናው ኮምጣጤ ብቻ ነው፤ "የሠራው ሰው ከሚስቱ ተጣልቶ መሆን አለበት" አልኩ። ሌላም ካሮላይና አላቸው፣ እዚያ ሰናፍጭ ነው። ሰናፍጭ ሳይ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ስኳር ጨምረው አበላሽተውታል። መጨረሻ የአላባማው መጣ፣ ነጭ። በጾም ነጭ ነገር ቀርቦልኝ ሱፍ ሳይሆን የቀረበት ጊዜ ስለሌለ አልጠየቅኩም። ዳቦዬን እያጠቀስኩ ግማሹን ጨረስኩት።

"ይሄን አቅርብ። ሱፉን ማን ወቀጠልህ?"

ልጄ ማዕድ ቤት ነበረች፣ አልሰማችም። ጠጋ ብሎ፣ "ጋሼ፣ ሱፍ አይደለም። ማዮኔዝ ነው፣ እንቁላል አለበት። ቀድሜ መንገር ነበረብኝ፣ ይቅርታ" አለኝ።

ጉርሻው አፌ ውስጥ ነበር። መትፋት ነበረብኝ። ግን ዓይን ዓይኔን እያየኝ እንደ ሕፃን ልትፋ? ዋጥኩት።

"ለማንም አልናገርም" አለኝ በደግነት። ያናደደኝ ይሄ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት የኮራሁበትን ጾም አሁን የሚጠብቅልኝ ጴንጤ ሆነ።

በማግስቱ ጠዋት ንስሐ አባቴን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ጠብቄ ነገርኳቸው።

"ሳያውቁ የበሉትን እግዚአብሔር ይፍታዎት። ካወቁ በኋላስ?"

"አንድ ጉርሻ።"

"ለምን አልተፉትም?"

"አማቼ ፊት?"

"ለእንቁላሉ ምንም አላዝዝዎትም። ለአማችዎ ግን አርባ ስግደት" አሉኝ።

ጫማዬን አውልቄ ጀመርኩ።