ወደ ማበጠሪያው የዞረው ውሃ

እጇ ስለማያሳምም ደንበኞቿ «እጀ ቀላል» ይሏታል። የተቋጠረ ፀጉር ስትፈታላቸው እንቅልፍ የሚወስዳቸው አሉ። ፀጉር ቤቷ ጠባብ ናት፤ ሁለት ወንበር፣ ፀጉር የሚደርቅበት አንድ ካስክ፣ ከመስኮቱ ሥር ማጠቢያ ገንዳ። ሥራውንም ቤቱንም ያገኘችው ከእናቷ ነው። ሌላም ነገር ከእናቷ እንዳትወርስ ትፈራ ነበር።

እናትየው በእሷ ዕድሜ ሳሉ «መስተዋቱ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ተቀምጣለች» ማለት ጀመሩ። ሴትዮዋ የምትታያቸው ብቻቸውን ሲሆኑ ነው፤ ሰው ሲገባ ትጠፋለች። መጀመሪያ ተሳቀ፣ ቀጥሎ ተለቀሰ። በመጨረሻ ታላቅ ልጃቸው የፀጉር ቤቱን ቁልፍ ከእጃቸው ወሰደች። ከዚያ ወዲያ አልጋ ያዙ፤ ብዙም አልቆዩም።

አንድ ጠዋት እጀ ቀላል በሩን ከፍታ፣ የውሃ ማሞቂያውን ገና ሳታበራ፣ የራሷን ፀጉር በፕላስቲክ ማበጠሪያ አበጠረች። ከዚያ ማበጠሪያውን ልታጥብ ቧንቧውን በስሱ ከፈተች። እንደ ክር ቀጥኖ የሚወርደው ውሃ፣ ማበጠሪያው ሳይነካው ጎበጠ። ወደ ማበጠሪያው። እጇን ስትመልስ ቀና አለ፤ ስታስጠጋ ስሙን እንደጠሩት ሰው ዞር አለ። ቧንቧውን ዘጋችና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

የሆዷን በሆዷ ብትይዘው ይሻላት ነበር። አልቻለችም። እኩለ ቀን ላይ ታላቅ እህቷ ፀጉሯን ልትታጠብ ስትመጣ፣ ነገሩን ቀልድ ለማስመሰል እየሞከረች፣

«እትዬ፣ ውሃ ሲጎብጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለቻት።

«ምን ሆኖ ይጎብጣል? ሪህ ይዞት?»

«ቆይ ላሳይሽ።»

በዚያ ሰዓት ቤቱ በእንፋሎት ታፍኗል። ማሞቂያው ይንተከተካል፣ አንዲት ደንበኛ ካስክ ሥር ናቸው፣ የሌላዋ ፀጉር ይንጠባጠባል፣ መስተዋቱን ላብ አጥምቆታል። እጀ ቀላል ቧንቧውን በስሱ ከፍታ የራሷን ፀጉር አበጠረችና ማበጠሪያውን አስጠጋች። ውሃው ቀጥ ብሎ ወረደ። ደገመች። ያው ነው።

«ዛሬ ኮርቶብሻል» አለች ፀጉሯ የሚንጠባጠበው፤ ተሳቀ። እህቷ ግን አልሳቀችም።

«የሚጎብጠው መቼ ነው?»

«ጠዋት።»

«ሰው እያለ?»

እጀ ቀላል መልሱን ከመናገሯ በፊት ራሷ ሰማችው። «ብቻዬን ስሆን።»

እህቷ ፀጉሯን ሳትታጠብ ሻርፗን ጠመጠመች። በሩ ላይ ስትደርስ፣ «እሁድ ጠዋት እመጣለሁ፤ ስለ ቁልፉ እንነጋገራለን» አለች፣ በለሰለሰ ድምፅ። ልስላሴው ከስድብ ባሰ።

ካስክ ሥር የነበሩት ሴት የኬሚስትሪ አስተማሪ ናቸው። ሌላዋ ደንበኛ ስትወጣ ጠብቀው፣

«ያልሽው ነገር እኮ መጽሐፍ ላይ አለ» አሏት።

«የቱ፣ ቲቸር? የኔ ነገር?»

«የውሃው። የውሃ ሞለኪውል ሁለት ጫፍ አላት፤ አንዱ ትንሽ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ትንሽ ኔጌቲቭ። ሲደመር ዜሮ ነው፤ ግን ፊትና ጀርባ አላት። ዳይፖል ሞመንት አላት የሚሉት ለዚህ ነው። ደረቅ ፀጉር ያበጠረ ፕላስቲክ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ዙሪያውን የኤሌክትሪክ መስክ አለ። ሞለኪውሎቹ እዚያ ሲገቡ ይዞራሉ፤ የሚሳበው ጫፍ ይቀርባል፣ የሚገፋው ይርቃል። የቀረበው ስለሚበረታ ውሃው ይመጣል።»

«መስኩ የት ነው ያለው?»

«አይታይም።»

«እኔ ከማይታይ ነገር ልገላገል ስል እርስዎ ሌላ ጨመሩልኝ።»

አስተማሪዋ ሳቁ። «ለኔም ያን ያህል አልጠራልኝም። አንዳንዶች የሚወርደው ውሃ ራሱ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ ነው ይላሉ። አስተማርኩት እንጂ ሞክሬው አላውቅም።»

«ታዲያ ሰው ሲኖር ለምን እምቢ ይላል?»

«ሰው አይደለም፤ እንፋሎቱ ነው። ቤቱም ፀጉሩም ሲረጥብ ማበጠሪያው ኤሌክትሪኩን አይይዝም።»

ሰው ሲኖር ደግሞ ቤቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እጀ ቀላል ይህን ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። አንዴ የገባት ይመስላታል፤ ፊትና ጀርባ የምትለዋ ላይ ስትደርስ ተመልሶ ይጠፋባታል። ሐኪም ታማሚውን ሲያባብል እንደዚህ ይሆን የሚያወራው? ብላም አሰበች።

እሁድ እህቷ መጣች። ማሞቂያው ጠፍቷል፤ ቤቱ ደረቅ ነው። እጀ ቀላል ቧንቧውን በስሱ ከፈተችና ማበጠሪያውን ሰጠቻት።

«አንቺ አበጥሪ። የኔን ዓይን አላምነውም።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የእህቷ ፀጉር ያን ቀን እንደወጣች ሳይታጠብ ቆይቶ፣ ደርቆ ሣር ሆኗል። ሲበጠር ሲንጣጣ እጀ ቀላል ትሰማለች። ቀጥሎ የውሃው ድምፅ ብቻ ቀረ። ፀጉሩ እንደገና ተንጣጣ። እንደገና የውሃው ድምፅ።

«እትዬ?»

«ጎብጧል።»

እጀ ቀላል ከግድግዳው ዞረች።

«ምን ሆኖ ነው?» አለች እህቷ።

«ውሃው ፊትና ጀርባ አለው። እዚህ ጋ ደግሞ መስክ አለ... አይታይም። ሲገባበት ይዞራል።»

እህቷ አተኩራ አየቻት። «ይህን ለማንም እንዳትደግሚው። አብደዋል ብለው ሁለታችንንም ይወስዱናል።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን እህቷ ላይ ቶሎ ደረቀ። ስለ ቁልፉ አላነሳችም። ሄዳ እናታቸው ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ እዚያ ወንበር ላይ ከሳቸው በኋላ ስትቀመጥ ያን ቀን መጀመሪያዋ ነው። መስተዋቱን ታየው ጀመር።

«ምን ታያለሽ?»

«እኔ እንጃ። የእማዬም ሴትዮ ሰው ሲገባ ነበር የምትጠፋው፤ ማሞቂያውን ገና አታብሪው።»