ረድፉን ያስፈረሰችው አክስቴ

የእናቴ ጓደኞች ተሰብስበው ስለ ድሮው የሰፈራቸው መንገድ ሲያወሩ ላልኖረበት ሰው ያስቀናል። አንዷ የዳቦ ቤቱን የማለዳ ሽታ ታነሳለች። ሌላው ቀበል ያደርግና ራዲዮ ጠጋኙ በሩ ላይ ሙዚቃ ከፍቶ መንገደኛውን ሁሉ እንዴት ያስጨፍር እንደነበር ይተርካል። "ያኔማ ሰው ለሰው መድኃኒት ነበር" ይባላል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ወሬው እንዲህ ሞቅ ብሎ ሄዶ ሄዶ አክስቴ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ ይላል።

"ያቺ ሴትዮ ባትሸጥ ኖሮ እኮ..." ይጀምራል አንዱ። ከዚያ እናቴ እዚያው መቀመጧ ትዝ ይለውና ጉሮሮውን ይጠርጋል።

"ያቺ ሴትዮ" የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የሰፈሩ ሰው እትዬ አዝራር ይላታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር ዋና መንገድ ላይ፣ አንድ ረዥም የቆርቆሮ ጣሪያ ለብሰው ግድግዳ ለግድግዳ የተደገፉ ሱቆች ነበሩ። ዳቦ ቤቱና ፀጉር ቤቱ በአንድ ጫፍ፣ ራዲዮ ጠጋኙና መድኃኒት ቤቱ በሌላው ጫፍ ናቸው። መሃል ላይ፣ ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ፣ የአክስቴ የክርና የአዝራር ሱቅ ከጫማ ሠሪው ሱቅ ጋር ጎን ለጎን ነበር።

ሱቁን የከፈተው አያቴ ነው። አያቴ ሚስቱ ስትሞትበት ሁለት ሴት ልጆች ይዞ ቀረ። ትልቋ አክስቴ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ልጅ ነበረች፤ እናቴ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። አንድ ቀን አያቴ አክስቴን ደብተሯን አስቀምጣ ባንኮኒው ጋ እንድትቆም አዘዛት። "ለጥቂት ጊዜ ነው" አላት። አስተማሪዋ ሱቁ ድረስ መጥተው ለመኑት።

"ሁለቱንም ማስተማር አልችልም" አላቸው አያቴ። "ትንሿ ትማር። ትልቋ ቤት ታቅና።"

ትንሿ ተማረች። እናቴ መምህርት ሆነች፣ አገባች፣ እኔን ወለደች። አክስቴ ባንኮኒው ጋ ቀረች።

እናቴ ስለዚያ ሱቅ ስትናገር ዓይኗ ይበራል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መሳቢያዎቹን እየሳበች አዝራር በእፍኟ እያፈሰች ትጫወት ነበር። እያንዳንዱ መሳቢያ ፊት ላይ ውስጡ ያለው አዝራር ናሙና ተሰፍቶበታል፦ የቀንድ፣ የእንጨት፣ የብረት፣ ዕንቁ መሳይ። ሪባኑ በቀለም በቀለሙ ተጠቅልሎ ከጣሪያ ይንጠለጠላል። "ገነት ነበር" ትላለች እናቴ። አክስቴ ይህን ስትሰማ አንድም ቀን "አዎ" ብላ አታውቅም። እግሯን ማሸት ትጀምራለች። ሲቆም የኖረ እግሯ ላይ ደም ሥሮቿ እንደ ገመድ ተቋጥረው ነበር።

የሱቁ በር የሚያየው የአውቶቡስ ፌርማታውን ነው። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሰው ጭኖ ሲሄድ ታያለች። ከሩቅ የመጣ ገበያተኛ ሲገባ ክሩን እየለካች፣ "ከየት ነው የመጡት? እዚያስ ምን አለ?" ትላለች። አንዱ የባሕር ዳርቻ ከተማ ሰው ነኝ ካላትማ ክሩን ለክታ ስትጨርስ እንኳ አትለቀውም፤ ውሃው ምን ይመስላል፣ ጠዋት ምን ይሸታል፣ ማታ ምን ይሰማል። አያቴ ከጥግ ሆኖ ይቆጣታል። "የማያውቁት አገር አይናፍቅም። ምን ያንቀዠቅዥሻል?"

የጎረቤቷ የጫማ ሠሪው ቅጽል ስም ጋሽ ሶል ነው። ሚስቱ የሞተችበት፣ አንዲት ሴት ልጅ ያለችው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሲያወሩ ድምፅ ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልጋቸውም።

"እትዬ አዝራር!" ይላታል። "ልቤ ክፍት ሆኖ ቀረ። የሚገጥመው ቁልፍ ጠፋ?"

"ለእርስዎ ልብ ቁልፍ ምን ያደርጋል! በሚስማር ነው እንጂ!"

ገበያተኛው ይስቃል። ሰፈርተኛው ሁሉ ዛሬ ነገ ይጋባሉ እያለ ይጠብቅ ነበር። የጋብቻው ጥያቄ እንዳልቀረ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ከራሷ አንደበት ነው። አንድ ቀን ጋሽ ሶል ቀልዱን ትቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ መጣና፣ "ይህን ግድግዳ አፍርሰን አንድ ሱቅ ብናደርገው ምን ይመስልሻል?" አላት።

"ሰውዬው ሚስቴ ሁኚ ማለቱ ነበር" አለችኝ አክስቴ። "ገብቶኛል። ለእኔ ግን የተሰማኝ ሱቁ ሊሰፋብኝ መሆኑ ነው። ቆሜ የምውልበት እጥፍ ሊሆን። አይሆንም አልኩት። ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም።"

እሱም አላኮረፈም። ከግድግዳው ወዲያ ቀልዱን ቀጠለ።

አያቴ ብዙ ታሞ ሞተ። ሊሞት ሲል እጇን ይዞ "ሱቁን አደራ" አላት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት ቆመችበት። የተሰፋ ልብስ በየቦታው መሸጥ ሲጀምር ክር የሚገዛ ሰው እየሳሳ መጣ። ከመንገዱ ጫፍ ትልቅ መደብር ተከፈተ። መጀመሪያ ራዲዮ ጠጋኙ ዘጋ፤ የተበላሸ ራዲዮ ይዞ የሚመጣ ሰው አልነበረም። ባዶ ሱቁ አቧራ ለብሶ ተቀመጠ።

በዚህ መሃል አንድ የሕንፃ ኩባንያ የሱቆቹን ረድፍ በሙሉ ልግዛ ብሎ መጣ። ባለሱቆቹ ዳቦ ቤት ተሰብስበው መከሩ። ጋሽ ሶል ተነስቶ፣ "ጣሪያችን አንድ ነው። አንዱ ከወጣ ሁላችንም ላይ ነው የሚዘንበው" አለ። አንዳችንም አንሸጥም ተባባሉ። አክስቴ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። አዎም አይደለምም አላለችም። ዝምታዋን ሁሉም እንደ እሺታ ቆጠረው።

በሳምንቱ የኩባንያው ሰው ሱቋ ገባ። ብዙ የማግባቢያ ቃል አዘጋጅቶ የመጣ ነበር። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

"መቼ ነው የምወጣው?"

እናቴ ወሬውን ስትሰማ እየሮጠች ሄደች። እኔም ተከተልኳት። አክስቴ መሳቢያዎቹን እያወጣች መሬት ላይ ትደረድር ነበር።

"የአባባን አደራ በላሽ!" አለቻት እናቴ እያለቀሰች።

አክስቴ ቀና አለች። እንደዚያ ስትጮህ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰምቼ አላውቅም።

"አደራው ለእኔ ብቻ ነበር እንዴ? አንቺስ ልጁ አይደለሽም? ይኸው ባንኮኒው! ነይና ቁሚበት!"

እናቴ ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳበች። ቦርሳዋ ውስጥ ያልታረሙ የተማሪ ፈተናዎች ነበሩ፤ ያኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስዳ ነው የመጣችው። እጄን ይዛ ወጣች።

ዶዘሩ የመጣው በጠራራ ፀሐይ ነው። የአክስቴን ሱቅ ከመሃል ነቅሎ ሲያወጣ ረድፉ የፊት ጥርሱ የወለቀ ሰው መሰለ። የጋሽ ሶል ግድግዳ ከጣሪያ እስከ ወለል ተሰነጠቀ። መደርደሪያው ወደቀ፤ ሊያድሳቸው ያስቀመጣቸው የሰው ጫማዎች በአቧራው ውስጥ ተበታተኑ። የጣሪያው አግዳሚ የጋራ ስለነበር ቤቱ ያሰጋል ተባለና እንዲወጣ ታዘዘ። እሱ ሲወጣ ፀጉር ሠሪዋ ተከተለች። ዳቦ ቤቱም ብዙ አልቆየም። ተማምለው የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ እየሄዱ ፈረሙ።

ጋሽ ሶል ወደ ልጁ ከተማ የሄደ ዕለት አክስቴ ፌርማታው ላይ አገኘችው። ጫማ አልብሶ ሚስማር የሚመታበትን ብረት በጆንያ ጠቅልሎ ይዟል።

"ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?" አላት።

"ብነግርዎት ምን ያደርጉ ነበር?"

"እለምንሽ ነበር።"

"ለዚያ ነው ያልነገርኩዎት" አለችው።

አውቶቡሱ መጣ። ብረቱ ከብዶት ደረጃውን መውጣት ሲያቅተው ልታግዘው እጇን ዘረጋች። ሌላ ሰው ቀድሟት አነሳለት።

ዓመት ሳይሞላው ሞተ። መርዶው ሲደርሳት ጥቁር ለብሳ ሄደች። ልጁ በር ላይ ቆማ ነበር።

"አባቴ እጁን አጣጥፎ ግድግዳ እያየ ነው የሞተው" አለቻት። "እዚህ ምን ይሠሩልኛል?"

አክስቴ በመጣችበት አውቶቡስ ተመለሰች።

በሰፈሩም ሰው ፊት ነሳት። ለዓመታት አብራት ቡና የጠጣችው ፀጉር ሠሪ እንኳ ከሩቅ ስታያት መንገድ ትሻገር ነበር። አክስቴ ይህን እንደምታገኝ ታውቅ ነበር መሰለኝ፤ አላማረረችም። የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። እንዲያ ስትመኘው የኖረችው የባሕር ዳርቻ ከተማ ሄዳ በማግስቱ ተመልሳ መጣች። ምነው ብዬ ጠየቅኳት።

"ሰው ሁሉ የሚሄድበት አለው" አለችኝ። "እኔ የት ጋ እንደምቆም ጠፋኝ። ውሃውን አየሁት። ደግ ነው። ከዚያስ? ሰው እንዴት ዝም ብሎ እንደሚቀመጥ አላውቅማ።"

በሽያጩ ገንዘብ የገዛቻት ጠባብ የፎቅ ቤት ውስጥ ጠረጴዛዋን ከበሩ ፊት ለፊት አድርጋ ነበር። ከኋላው ቆማ ነው ምሳዋን የምትበላው። ወንበር ስስብላት፣ "ተዪው፣ እንዲህ ይሻለኛል" ትለኛለች። አንድ ሰው በሩን ሲያንኳኳ ደግሞ ሁለቱን እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ምን ላምጣ?" ልትል አፏን ስታሞጠሙጥ አይቻለሁ።

ሕንፃው አልቆ ሲከፈት መድኃኒት ልንገዛ አብረን ገባን። ምድር ቤቱ ግድግዳ ላይ ኩባንያው አንድ ትልቅ የድሮ ፎቶ ሰቅሏል። ረድፉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፤ መሃል ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ሱቅ በር ላይ ቆማ ትስቃለች። ከፎቶው ፊት ፀጉር ሠሪዋ ነበረች። ያኔ ፎቅ ላይ በሌላ ሰው ፀጉር ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። አክስቴን ስታያት እንደ ልማዷ ፊቷን ልታዞር ብላ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"እዪው" አለች፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። "እንዲያ ስትስቂ የነበርሽ ልጅ! እንዴት አስችሎሽ ሸጥሽው?"

አክስቴ ወደ ፎቶው ቀረብ አለች።

"ከትምህርት ቤት የወጣሁ ሳምንት ነው" አለች። "ሌሊቱን ሳለቅስ ነው ያደርኩት። ፎቶ አንሺው ሳቂ አለኝ፤ አባባ ደግሞ ከኋላዬ ቆሟል። ሳቅኩ። አንድም ቀን ወድጄ ገብቼ አላውቅም እዚያ ሱቅ። አንድም ቀን።"

ፀጉር ሠሪዋ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች።

"እኛስ ወደን ነበር?" አለች። "ባሌ በጠዋት እየቀጠቀጠ ነበር የሚሰደኝ። ፊቴን ዱቄት ቀብቼ ነው የምከፍተው። አንቺ ግን... ግድግዳው ስስ ነው፣ ሳለቅስ ትሰሚኝ ነበር አይደል?"

"እሰማሽ ነበር።"

"ምንም አላልሽኝም።"

"አንቺም ምንም አላልሽኝም።"

ከጎናቸው አንድ ወጣት ባልና ሚስት ፎቶውን እያዩ፣ ያኔ ኑሮ እንዴት ደስ ይል ነበር ይባባላሉ። ሁለቱ ሴቶች ዘወር ብለው አላዩዋቸውም።

አክስቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። እግሯ ከዳት፤ አልጋ ላይ ዋለች። ፀጉር ሠሪዋ በእረፍቷ ቀን እየመጣች ታጥባታለች፣ ታበጥራታለች። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ጎረቤት ጫጫታ ያወራሉ። ጋሽ ሶልን አንድ ጊዜ ብቻ ሲያነሱ ሰማሁ። "ቸር ሰው ነበር" አለች አክስቴ፤ ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሯን ቀጠለች።

እናቴ ግን ለመናገር ጊዜ ፈጀባት። አንድ ከሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የእህቷን ያበጠ እግር እያሸች፣ "ያኔ እኔ ቀርቼ አንቺ ብትማሪ ኖሮ..." ብላ ጀመረች።

"ተዪው" አለቻት አክስቴ። "አንቺ ሕፃን ነበርሽ።"

"ከዚያ በኋላስ? ካደግሁ በኋላስ?"

አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። እናቴ ጥያቄዋን አልደገመችም፤ ማሸቷንም አላቆመችም።

አክስቴ የሞተችው በዚያው ሳምንት ነው። ቀብሯ ላይ ከድሮው ረድፍ የመጣችው ፀጉር ሠሪዋ ብቻ ናት።