ነጯ ካንዴላ

ሸሕዲ፣ መንገድ ዳር ባለው ቤቴ ተቀምጬ፣ በመስኮቴ ሥር የሚያልፍ ሞተር ሳይክል ቤንዚን ያነሰው ሞተር እንደሚያደርገው ጧ! ጧ! እያለ በካርቡሬተሩ በኩል ሲያስነጥስ የሰማሁ እንደሆነ፣ እስካሁን ድረስ ማጅራቴ ይግላል፣ ቀኝ እጄም ሳላዝዘው ባየር ላይ ወደ ግራ ሩብ ዙር ይዞራል። ወዲያው የጋለ ብረትና የተቃጠለ ቀለም ሽታ ይሸተኛል። ሽታው ከሞተር ሳይክሉ አይደለም፤ ከሽንፋ ወንዝ ዳር፣ ከዘጠኝ ዓመቴ ነው የሚመጣው። ከሽታው ጋር አጎቴ አስማረም ይመጣል፤ እሱን ግን ማንም አልጠራውም።

ጊዜ ሁሉን ያስረሳል የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ኧረ ባካችሁ! እኔ አልረሳሁም፣ ይቅርም አላልኩም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ያኔ አስማረን አንቱ እያልኩ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ነበር የማናግረው። በራሴ ወረቀት ላይ ግን አንቱ አልለውም።

አባቴ በሽንፋ ወንዝ ዳር ሽንኩርትና ባሚያ ያለማ ነበር። ውሃ የሚስበው ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት ባመጣት አሮጌ የቤንዚን ሞተር ነበር፤ እኛም ቤት እንደ ላም በአንቺታ ነበር የምትጠራው። ከካርቡሬተሯ ሥር አንዲት ትንሽ የነሐስ ብሎን ነበረቻት። ብሎኗ ወደ ቀኝ ስትጠብቅ ወደ ሞተሯ የሚገባው ቤንዚን ያንሳል፣ ወደ ግራ ስትላላ ይበዛል፤ አየርና ቤንዚን የሚመጣጠኑት በሷ ነበር። ይህን ነገር ለአባቴ ያስተማረው አንድ ሱዳናዊ መካኒክ ነበር፤ አባቴ ደግሞ የእማዬ ጆሮ ከሱ ጆሮ እንደሚበልጥ ሲያይ አስተማራትና ካቻቢቴውን ለሷ ተወላት። መካኒኩ «ሹወያ፣ ሹወያ» ይል ነበር አሉ፣ ቀስ በል፣ ትንሽ ትንሽ ለማለት፤ ቃሉ ከካቻቢቴው ጋር እማዬ ዘንድ ቀረ።

እማዬ ሞተሯን የምታስተካክላት ውሃ እየሳበች እያለች ነበር። «ያለ ሸክምማ ማን የማይሮጥ አለ?» ትል ነበር። ብሎኗን ሞተሯ እስክታስነጥስ ድረስ ታጠብቅና፣ ከዚያ ሹወያ ሹወያ እያለች ታላላለች፤ ድምጿ ሲሞላና ከጭስ ማውጫው ለዓይን የማይሞላ ጭስ ብቅ ሲል ትተዋታለች። ሥራ ሲያበቃ፣ ሞተሯ ስትበርድ፣ እሳት የምትጭረዋን ካንዴላ ፈትታ ጫፏን ታሳየኝ ነበር። «ከጠቆረች ቤንዚን በዝቶባታል። ከነጣች ደግሞ ተርባለች፣ ልትቃጠል ነው። የተቆላ ሰሊጥ ስትመስል ነው ጤናዋ» ትለኛለች። እኔ ፊደል ከመለየቴ በፊት የካንዴላ ቀለም እለይ ነበር።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴን ወባ ወሰደው። አርባው ሳይወጣ ታላቅ ወንድሙ አስማረ ከጎንደር ከተፍ አለ። በየዓመቱ በሰሊጥ አጨዳ ከቀን ሠራተኞቹ ጋር የሚመጣ፣ ሽንፋ አጠገብ ሰፊ እርሻ የነበረው ሰው ነው፤ ያ ሁሉ እርሻ እያለው ዓይኑ የወደቀው በኛ ወንዝ ዳር ላይ ነበር። ሽማግሌ ሰበሰበ። «ሴት ሞተር አስነሥታ አትክልት ታጠጣለች ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አለ። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አያ ደሴ ጺማቸውን ሲያሹ ቆይተው፣ «ትሞክር» አሉ። «የዘንድሮን ሽንኩርት አድርሳ ከነቀለች ቦታው የሷና የልጅቷ ነው። ካላደረሰች አስማረ ወንድሙን ይተካ፣ እሷም ወደ ወላጆቿ ትግባ።»

ወላጆቿ ደባርቅ አካባቢ፣ ትምህርት ቤት የግማሽ ቀን መንገድ ከሆነበት ገደል አፋፍ ላይ ነበሩ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ከክፍሌም አንደኛ ወጥቼ ነበር። ሽንኩርቱ ደረሰ ማለት እኔ ተማርኩ ማለት እንደሆነ ማንም ሳያስረዳኝ ገባኝ።

በኅዳር፣ ሰሊጡ ታጭዶ የጭነት መኪኖች ወደ ጎንደር ሲመላለሱ፣ አስማረ ሞተሯን ከጆንያዎቹ መሀል ጭኖ ወሰዳት። «ሰርቪስ ላስደርግላችሁ» አለ፣ ደግ መስሎ። በሳምንቱ አረንጓዴ ተቀብታ፣ ታጥባ ተወልውላ ተመለሰች። እውነት ለመናገር ታምር ነበር። ገና ውሃ መሳብ ስትጀምር ግን ጧ አለች። እማዬ ሰማችና ካቻቢቴዋን አነሣች።

«ተይ!» አለ አስማረ። «የጎንደር መካኒክ ካንቺ አንሶ ነው?»

«አላነሰም ወንድም ጋሼ» አለች እማዬ፣ ዓይኗን ከሞተሯ ሳታነሣ። «የደጋው አየር ግን ስስ ነው፣ ትንሽ ቤንዚን ይበቃዋል። የኛ የቆላው ወፍራም ነው። ያንኑ ትንሽ ቤንዚን እዚህ ስንሰጣት ትራባለች።»

«አየር ወፍራም!» ብሎ ሠራተኞቹ ፊት እስኪያስለው ሳቀ። እነሱም ቀን የሚያሠራቸው እሱ ነውና አብረው ሳቁ።

ጥርና የካቲት በብሎኗ ላይ በተደረገ ጦርነት አለፉ። አስማረ በየእሑዱ ይመጣል፣ ከጭስ ማውጫው ያችን ቀጭን ጭስ ያያል፣ «ወንድሜ ጥሎ የሄደውን ቤንዚን ታጨሰዋለች!» ብሎ ይጮሃል፣ ብሎኗን ወደ ቀኝ ያጠብቃል። እማዬ «እሺ ወንድም ጋሼ» ትላለች። እሱ ዞር ሲል ወደ ግራ ትመልሳታለች። ከመጠምዘዙ ብዛት የብሎኗ ራስ ተላልጦ ነበር። እኔን ከሱ ጥጋብ ይልቅ ቆሽቴን የሚያሳርረው የሷ «እሺ» ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ምን አገባህ!» ብላ እንድትጮህበት ስንት ጊዜ እንደተመኘሁ!

መጋቢት ገባ። የመጋቢት ቆላ ላላየው ሰው አይነገርም፤ ብረት በባዶ እጅ አይነካም፣ ውሻ ከጥላ አይወጣም። የሽንፋ ወንዝ ተቆራርጦ ኩሬ ኩሬ ሆነ፣ ሽንኩርቱ ግን ራሱን አወፍሮ ከአፈሩ ብቅ ብሎ ነበር። ሦስት ሳምንት ቀረው። በዚያው ሳምንት እማዬን ወባ ጣላት።

«ሂጂ» አለችኝ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ ተከናንባ እየተንቀጠቀጠች። «ከሞተሯ አትራቂ። ድምጿ ሲቀጥን ብሎኗን ሹወያ ወደ ግራ። ሌላ ምንም አትንኪ።»

ሄድኩ፣ ገመዱን በሁለት እጄ ስቤ አስነሣኋት፣ ውሃው በቦዩ ሄደ፣ እኔም ካቻቢቴውን ይዤ አጠገቧ ቁጢጥ አልኩ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም። አስማረ ከኋላዬ መጥቶ ካቻቢቴውን ከእጄ መነጨቀኝ።

«አሁን ደግሞ ልጅ ላከችባት? ጭሱን አታዪም?» ብሎ ብሎኗን አጠበቃት፣ ደገመ፣ ጭሱ እስኪጠፋ ድረስ አጠበቃት። ሞተሯ ፍጥነቷ ጨመረ፣ ድምጿ ቀጥኖ እንደ እልልታ ሆነ። «እሰይ! ሰማሽ? ሞተር ማለት እንዲህ ነው!» አለኝ። ያልለመደ ጆሮ ይወደዋል ያንን ድምፅ። በመንገድ የሚያልፉ ሠራተኞች እንኳ ቆመው አደነቁ።

«አጎቴ፣ ክፈቱላት» አልኩት። «እማዬ ድምጿ ሲቀጥን ክፈቺላት ብላኛለች። ልትቃጠል ነው፣ አጎቴ ክፈቱላት!»

በመዳፉ ጀርባ አፌን መታኝ። «አንቺም እንደ እናትሽ መካኒክ ሆንሽ?»

ከንፈሬ ደማ። ደሙን በቀሚሴ እየጠረግሁ ቆጠርኩ፤ አንድ መደብ ጠጣ፣ ሁለተኛው ጠጣ። ሦስተኛው ላይ አዲሱ አረንጓዴ ቀለም መኮማተርና መሽተት ጀመረ። ጧ አለች። ደገመች። ከዚያ ድምጿ ወደ ላይ ወጣና ቀጥ አለች። አስማረ ገመዱን ሳበ፣ ገመዱ አልነቃነቅ አለ። ፒስተኗ ተቃጥሎ ነክሶ ይዟል። እሱ ብሎኗን ሲዘጋ ሆን ብሎ እንዳልነበረ ዛሬ በደንብ አውቃለሁ፤ ከልቡ ያስተካከለ መስሎት ነው። ጥላቻዬ ግን በዚህ አልቀነሰም።

እማዬ ከአልጋዋ ሳትነሣ እሱ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ደርሶ ነበር። በማግሥቱ በሰሊጥ መጋዘኑ ጥላ ሥር ተሰበሰቡ። እሱ «አልኳችሁ፣ አላልኳችሁም? ሴትና ሕፃን አቃጠሏት» አለ። እኔ የሆነውን ልናገር ብድግ ስል «ልጅ በሽማግሌ መሀል አትገባም» ተብዬ ተቀመጥኩ። እማዬ ትኩሳቱ ገና ሳይለቃት ቆመች፣ ከሞተሯ ያስፈታችኝን ካንዴላ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ አወጣች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ተማምና አላየኋትም።

«ምስክሬ ይቺ ናት» አለች። «ይዩዋት አያ ደሴ።»

አያ ደሴ ተቀበሏት። የነጋዴ ናሙና እንደሚያዩ ሁሉ መዳፋቸው ላይ አስቀመጧት፣ እፍ አሉባት፣ ወደ ፀሐይ አዞሯት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሰሊጥ ነጭ ሲሆን የሚመረጥ፣ ሲጠቁር የሚመለስበት አገር ሰው ናቸው። ፊታቸው በራ።

«ይቺማ ነጭ ናት!» አሉ። «አንደኛ ደረጃ! ንጹሕ አይደለች እንዴ፣ ምን ሆነች ነው የምትዪው?»

«መንጣቷ እኮ ነው ነገሩ…» አለች እማዬ።

«እግዚኦ! ነጭ ነገርም ይጠላል?» አለ አስማረ፣ ሁሉም ሳቁ። ካንዴላዋ ከእጅ እጅ ዞረች፣ እያንዳንዳቸው አዩዋት፣ እያንዳንዳቸው «ነጭ ናት» አሉ። እማዬ ካንዴላዋን ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ መልሳ ቋጠረችና ተቀመጠች። ያን ዝምታዋን ከአስማረ ጥፊ ጋር እኩል ቂም ይዤበት ኖሬአለሁ።

ሽንኩርቱ በአሥር ቀን ውስጥ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች አክሎ ደረቀ። ግንቦት ዝናም ሳይጥል ወጣን። እማዬ ግን ደባርቅ አልገባችም፤ ሸሕዲ ስንደርስ ከመኪናው ወረደችና «እዚህ» አለች። መጋዘን ውስጥ ሰሊጥ አበጣሪ ሆነች። እኔም ሁለት ዓመት ከትምህርት ቤት ቀርቼ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ከነጩ መሀል ጥቁሩን ስለቅም ከረምኩ።

አሁን የሞተር መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። እማዬ በር ላይ ተቀምጣ፣ የሚመጣውን ሞተር ገና ከሩቅ በድምፁ ታክመዋለች። ባለፈው መጋቢት ለአንድ ደንበኛ ዕቃ ላደርስ ሽንፋ ወረድኩ። ወንዝ ዳር ሳልደርስ ሰማኋት፤ ጧ! በዚያው በኛ ቦታ፣ ምርኩዝ ተደግፎ፣ ጥርሱ የረገፈ አስማረ ቆሟል። አዲስ ሞተር፣ ከጎንደር የመጣች።

«የወንድሜ ልጅ፣ እግዜር ነው ያመጣሽ» አለኝ። «ድምጿ ግሩም ነው፣ ታስነጥሳለች እንጂ። እስቲ እዪልኝ።»

አጠፋኋት፣ እስክትበርድ ጠበቅሁና ካንዴላዋን ፈታሁ። እንደ ጠመኔ ነጥታለች። ሽንኩርቱ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ካቻቢቴው ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ የሚያስፈልገው ሩብ ዙር ነበር። ካንዴላዋን መዳፉ ላይ አኖርኩለት።

«ነጭ ናት አጎቴ» አልኩት። «ንጹሕ ናት። አንደኛ ደረጃ።»

መረቀኝ። «ተመስገን» አለ፣ «እኔም ብዬ ነበር።» እስከ ሸሕዲ ድረስ መኪናው ውስጥ እያንጎራጎርኩ ተመለስኩ።

ለእማዬ ነገርኳት። ትስቃለች፣ ቢያንስ አንጀቷ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። ፊቷን ወደኔ አዞረች።

«ብሎኗን አላላላሽላትም?»

«አላላላሁም።»

«እሱስ እሺ» አለች። «ሞተሯ ምን አደረገችሽ?»

በማግሥቱ ጠዋት ካቻቢቴዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣ እያነከሰች የሽንፋን መኪና ልትሳፈር ሄደች። እኔ ሱቄን ከፍቼ ተቀመጥኩ፣ አልሸኘኋትም። ያኔ እማዬ ሽማግሌዎቹ ፊት ዝም ስትል ፈርታ ይመስለኝ ነበር፤ ሰባ ዓመት የተጠጋት ሴት ወደዚያ ሰው ደጅ ብቻዋን ስትሄድ ሳይ ግን ፍርሃት የሚባል ነገር አላየሁባትም። አስማረን ዛሬም እጠላዋለሁ። ነገር ግን ያኔ ብሎኗን የዘጋው ሰው የሚያደርገውን አያውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።