ጳጉሜን የረሳው ስሪት

ትናንት ጳጉሜ ሁለት ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ስልኬ «አዲስ ስሪት ወጥቷል፤ ልጫን?» አለኝ። ልጄ ከጎኔ ሆና «አባ፣ እሺ በለው እንጂ፤ ምን ያስፈራሃል?» ብላ ሳቀችብኝ። ለእሷ ቀልድ ነው። እኔ ግን በጳጉሜ አዲስ ስሪት ሲባል እሺ አልልም።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ አምስት ጓደኛሞች መሳለሚያ አንድ ፎቅ ላይ ክፍል ነበረችን። ለትንንሽ ክሊኒኮች የታካሚ ቀጠሮ የሚይዝ ፕሮግራም እንሠራለን። ፕሮግራሙ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ በነፃ ይጠቀምበታል፣ የቻለ ያሻሽለዋል። ከታች በርበሬ የጫኑ ጋሪዎች ስለሚቆሙ ቀኑን ሙሉ እያነጠስን ነበር የምንጽፈው።

ምሳችን ደረጃው ሥር እትዬ ዘነበች ቤት ነው። የእሳቸውን ሽሮ የመሰለ እስከ ዛሬ አልቀመስኩም። ደም ግፊት ነበረባቸው፤ ትንሽ ሻል ሲላቸው መድኃኒቱን ይተዉታል። የሰፈሩ ክሊኒክ ታዲያ በእኛ ፕሮግራም ቀጠሮ ያሳለፉትን እየለየ ይደውላል። እሳቸውም «ኧረ እነዚህ ሰዎች አላስቀምጥ አሉኝ!» እያሉ፣ እየተነጫነጩ ይሄዳሉ።

ከመሀላችን ጥንቁቁ ሙባረክ ነበር። ሁለት ሕግ አወጣ፤ አንድ ሰው የጻፈውን ሌላ ሰው ሳያነብለት ኮዱ ውስጥ አይገባም፤ ስሪት ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ አዲስ ነገር አይጨመርም። እኔ ደግሞ፣ አቤት ችኮላዬ! ቀን የሚያሰላውን ክፍል እንደ አዲስ ጽፌ አፍጥኜዋለሁ፤ እሱ ግን ገና አላነበበልኝም። ነሐሴ እያለቀ፣ ስሪቱ ሊወጣም ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር።

«ቀበሌ ነው እንዴ ይሄ? ፊርማና ማኅተም ብቻ ቀረህ!» አልኩት።

«የኮዱ ጫፍ ላይ ሰው አለ፣ ስንታየሁ። የአሁኑ እንዳለ ይውጣ፤ ያንተን በመስከረም እናየዋለን።»

«ፈሪ ነህ በቃ።»

ወደ ሥራው ዞረ። ያቺን ቃል መልሼ ብውጣት ምንኛ በወደድኩ።

ዓርብ ቀትር ላይ ሙባረክ አንዋር መስጊድ ለስግደት ሄደ። መንገዱ በሰጋጆች ስለሚሞላ ቶሎ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ለክፉ ቀን ብሎ በሰጠኝ የይለፍ ቃል ኮዴን አስገብቼ ስሪቱን ለቀቅኩት። ወርጄ ለእትዬ «ዛሬ ትልቅ ሥራ ሠራሁ!» ብዬ ጎረርኩ። «ጎሽ፣ የኔ ልጅ!» ብለው አንድ ጭልፋ ጨመሩልኝ።

ጳጉሜን ረስቻት ነበር። ሀበሻ ሆኖ ጳጉሜን የሚረሳ! ደመወዝ አሥራ ሁለቴ፣ የቤት ኪራይ አሥራ ሁለቴ፤ እኔም ዓመቱን እንደ ኪራይ ቆጥሬ ከነሐሴ ሠላሳ ቀጥታ መስከረም አንድ አስገባሁት። ሌላ ሰው ቢያነበው ኖሮ በአንድ እይታ ይይዘው ነበር። የክሊኒኩ ነርስ በጳጉሜ የቀሩትን ስትፈልግ ባዶ ገጽ መጣላት፤ ሁሉም ቀጠሮውን ያከበረ መስሏት ለማንም አልደወለችም።

የእትዬ ቀጠሮ ጳጉሜ ሁለት ነበር። የበዓል ገበያ ይዟቸው ቀሩ፤ መድኃኒቱም አለቀ። መስከረም በገባ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ድስታቸው አጠገብ ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን ዳግመኛ ጭልፋ አልያዘችም። ቤቱም ተዘጋ።

ሙባረክ ስህተቱን አገኘው። ማን ምን እንዳስገባ የሚመዘግበውን ገጽ ከፈተ፤ ስሜ፣ ዓርብ፣ ቀትር።

«ስሜን አጥፋልኝ፣ በአላህ!»

«ታሪኩ አይሰረዝም» አለ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ከዚያ ወዲያ አብረን አልሠራንም፤ ክፍሏንም አስረከብናት። ምነው በጮኸብኝ።

አንዳንዴ «ቢደወልላቸውስ ይሄዱ ነበር ወይ?» እያልኩ ራሴን ላጽናና እሞክራለሁ። ይሄዱ ነበር። እየተነጫነጩ ሁሌም ሄደዋል።

ትናንትም እንደየዓመቱ ደወልኩላቸው። አሁን ጎጃም በረንዳ ልጃቸው ቤት ናቸው።

«እትዬ፣ መድኃኒትዎን ወሰዱ?»

«ወስጃለሁ፣ ልጄ» አሉ በተያዘው አንደበታቸው። «ሁሉም ሲረሳኝ በየጳጉሜው የምታስታውሰኝ አንተ ብቻ ነህ። ተባረክ።»

አሜን አልኩ።

ኮዱ ዛሬም ክፍት ነው፤ የዚያን ዓርብ ስሜን ማንም ከፍቶ ማንበብ ይችላል። እትዬ ግን ፊደል አልቆጠሩም፤ እኔም ይኸው እስከ ዛሬ አላነበብኩላቸውም።